ጀማሪ የመሰናክል ፈረስ ለላይኛው ደረጃ ይበቃ እንደሆነ እንዴት እንመዝን?

በየዓመቱ ከገና እስከ ፋሲካ ባለው ጊዜ ስልኬ ላይ አንድ ዓይነት መልእክት ይመጣል። የሩጫ ቪዲዮ ይላክልኛል። ከሥሩ «ይሄ ፈረስ ሻምፒዮን ይሆናል?» ይላል። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ እንግሊዝና አየርላንድ የሚኖሩ ወዳጆቼ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሩጫ የሚያዩ አሉ፤ ፈረስ ጋጣ ውስጥ የሚሠሩም አሉ። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ፣ እኔ የምሠራበትን መንገድ ከነምክንያቱ እዚህ አስቀምጫለሁ።

መመሪያው የሚያወራው በብሪታንያና በአየርላንድ ስላለው የመሰናክል ሩጫ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «አሸነፈ ወይ?» አይሁን። «ተፈትኖ ነው ወይ ያሸነፈው?» በሉ። ሳይፈተን በ20 ርዝመት ያሸነፈ ፈረስ ስለ ራሱ የነገረን ነገር ትንሽ ነው። ተፈትኖ ሦስተኛ የወጣው ብዙ ነግሮናል። ከታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ፈተናውን ለማግኘት የሚረዱ ናቸው።

ቃላቱን እንግባባ

ኖቪስ የሚባለው የውድድር ዘመኑ ሲጀመር ገና አንድም የመሰናክል ሩጫ ያላሸነፈ ፈረስ ነው። ዘመኑ የሚጀምረው በጸደይ ነው። በዚያው ዘመን ውስጥ ቢያሸንፍም እስከ መጨረሻው ኖቪስ ሆኖ ይቆያል።

ርዝመት ማለት አንድ ፈረስ ከአፍንጫው እስከ ጭራው የሚይዘው ቦታ ነው፤ ወደ 2.4 ሜትር ይሆናል። ፈርሎንግ የማይል አንድ ስምንተኛ ነው፤ 200 ሜትር ገደማ። ፈረሱ የሚሸከመው ክብደት በስቶንና በፓውንድ ይጻፋል። አንድ ስቶን 14 ፓውንድ ነው፤ አንድ ፓውንድ ደግሞ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ሃንዲካፕ ጎበዙ ፈረስ ብዙ ክብደት፣ ደካማው ትንሽ ክብደት ተሸክሞ የሚሮጥበት ውድድር ነው። ግሬድ 1 ከሁሉ የላይኛው የውድድር እርከን ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የሩጫው ሙሉ ቪዲዮ። የመጨረሻው አንድ ደቂቃ ብቻ የተቆረጠበት አይሆንም።
- የዕለቱ ሩጫዎች ሁሉ ውጤት፦ ሰዓት፣ ክብደት፣ ርቀት፣ የመሬቱ ሁኔታ። ሬሲንግ ፖስት የሚባለው የፈረስ ሩጫ ጋዜጣ ድረ ገጽ ላይ ሁሉም ይገኛል።
- የስልክ ሰዓት መቁጠሪያ።
- የፈረሶቹ ሬቲንግ፣ ማለትም ችሎታቸው በፓውንድ የተለካበት ነጥብ። በብሪታንያ የሚያወጣው የብሪታንያ የፈረስ እሽቅድምድም ባለሥልጣን ነው።
- ደብተርና እርሳስ። ኮምፒውተር የሚቀናው በኮምፒውተር ይያዝ። ብቻ ይጻፍ፤ በጭንቅላት የተያዘ ነገር በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ወሬ ይለወጣል።
- ለአንድ ሩጫ አንድ ሰዓት ያህል ጊዜ።

ደረጃ 1፦ «የላይኛው ደረጃ» የቱ እንደሆነ ወስኑ

መንገዱ አንድ አይደለም። ሻምፒዮን ሀርድል 2 ማይል ገደማ ነው፤ ፍጥነትና ጥርት ያለ ዝላይ ይጠይቃል። ስቴየርስ ሀርድል 3 ማይል ገደማ ነው፤ ጽናት ይጠይቃል። ሦስተኛው መንገድ ቼዝ ነው፤ ፈረሱ ከመሰናክል ወጥቶ ትልልቁን አጥር ይዘላል።

ለኖቪሶች ዋናው ፈተና ማርች ላይ ቼልትናም የሚደረገው የአራት ቀን ፌስቲቫል ነው። ሱፕሪም 2 ማይል ገደማ፣ ባሪንግ ቢንገም 2 ማይል ከ5 ፈርሎንግ፣ አልበርት ባርትሌት 3 ማይል ገደማ ነው። ለ4 ዓመት ፈረሶች ትራያምፍ አለ፤ ለባዝራዎች ደግሞ የራሳቸው የኖቪስ ውድድር አላቸው። ስፖንሰር ሲቀየር ስም ይቀየራል፤ እናንተ ርቀቱን ያዙ።

ይህን መጀመሪያ መወሰን ያለባችሁ ለምንድን ነው? ለ3 ማይል የሚበቃ ፈረስ ለ2 ማይል ቀርፋፋ ሊሆን ይችላል። «ጎበዝ ነው» ብቻ ማለት መልስ አይሆንም። ለየትኛው?

ደረጃ 2፦ የተሸነፉትን ተከተሉ

አሸናፊውን ለጊዜው ተዉት። ከ2ኛ እስከ 6ኛ የወጡትን ስም ጻፉ። ከዚያ በኋላ በሮጡበት ምን አደረጉ? አሸነፉ? ተሻሻሉ? ወይስ ጠፉ?

በጀማሪዎች ሩጫ ውስጥ የሚሮጡት አብዛኞቹ ገና ማንነታቸው ያልታወቀ ነው። 12 ፈረስ ቢሰለፍ ለማሸነፍ የሚችሉት ሁለቱ ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። ሩጫው ጠንካራ ይሁን ደካማ የሚለየው ከሳምንታት በኋላ ነው። ስለዚህ ገጹን አትዝጉት፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመለሱበት።

የ2016ቱን ሱፕሪም ተመልከቱ። አልቲዮር አንደኛ፣ ሚን ሁለተኛ፣ ቡቨር ዴር ሦስተኛ ወጡ። ቡቨር ዴር በወሩ ኤይንትሪ ላይ ግሬድ 1 አሸነፈ። ያኔ ነበር ያ ሱፕሪም ምን ያህል ከባድ እንደነበረ ማወቅ የተቻለው። ቡቨር ዴር በ2017 እና በ2018 ሻምፒዮን ሀርድልን ወሰደ።

ደረጃ 3፦ ሰዓቱን ያዙ

ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው። እኔ ብዙ ጊዜ የምሰጠው ለዚህ ነው።

ብቻውን የቆመ ሰዓት ትርጉም የለውም። መሬቱ ሲጨቀይ ሁሉም ይዘገያል፤ ሲደርቅ ሁሉም ይፈጥናል። ትርጉም የሚኖረው በዚያው ቀን፣ በዚያው ትራክ፣ በዚያው ርቀት ከተሮጠ ሌላ ሩጫ ጋር ሲነጻጸር ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

ሀ. በዕለቱ ተመሳሳይ ርቀት ያለው ሌላ የመሰናክል ሩጫ ፈልጉ። ልምድ ያላቸው ፈረሶች የሮጡበት ሃንዲካፕ ቢሆን ይመረጣል፤ አሸናፊው ሬቲንግ አለውና መለኪያ ይሆናል።

ለ. የሁለቱን ሰዓት ልዩነት ወደ ርዝመት ቀይሩ። አንድ ሰከንድ እንደ መሬቱ ከ4 እስከ 5 ርዝመት ነው። ጭቃ ከሆነ 4፣ ደረቅና ጥሩ ከሆነ 5 ያዙ።

ሐ. በ2 ማይል አንድ ርዝመትን በግምት እንደ አንድ ፓውንድ ቁጠሩት።

መ. የተሸከሙትን ክብደት አስተካክሉ።

በቁጥር እንየው። ሃንዲካፑን 135 ሬቲንግ ያለው ፈረስ በ4 ደቂቃ አሸነፈ እንበል። የእናንተ ኖቪስ እኩል ክብደት ተሸክሞ በ3 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ ገባ። የ2 ሰከንድ ልዩነት በ4.5 ሲባዛ 9 ርዝመት፣ ማለትም 9 ፓውንድ ነው። 135 ላይ 9 ሲደመር 144 ይሆናል። ኖቪሱ የተሸከመው በ5 ፓውንድ የሚበልጥ ከነበረ 149 ይደርሳል። ሻምፒዮን ሀርድል የሚያሸንፉት አብዛኛውን ጊዜ 160 አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ናቸው። አሁን ምን ያህል እንደሚቀረው በቁጥር አያችሁት።

የፌስቲቫሉ ማክሰኞ ደግሞ ስጦታ ነው። ሱፕሪምና ሻምፒዮን ሀርድል በአንድ ቀን፣ በአንድ ትራክ፣ በአንድ ርቀት ይሮጣሉ። በ2022 ኮንስቲትዩሽን ሂል ሱፕሪምን በ22 ርዝመት አሸነፈ። ይህ ብቻውን አያስደንቀኝም። የሚያስደንቀው፣ ሰዓቱ በዚያው ከሰዓት በኋላ ሃኒሰክል ሻምፒዮን ሀርድልን ካሸነፈችበት ከ5 ሰከንድ በላይ የፈጠነ መሆኑ ነው። ገና በመጀመሪያ ዘመኑ ያለ ፈረስ ከሻምፒዮኗ የፈጠነ ሰዓት አስመዘገበ። በዓመቱ ሻምፒዮን ሀርድልን በ9 ርዝመት ወሰደ።

አሁን ከእሱ አንድ ዓመት ወደኋላ እንሂድ። በ2021 አፕሪሺየት ኢት ያንኑ ሱፕሪም በ24 ርዝመት አሸነፈ። ከኮንስቲትዩሽን ሂል በሁለት ርዝመት ይበልጣል። በ2022 ሻምፒዮን ሀርድል ላይ ግን ከመጀመሪያዎቹ ሦስት አልገባም። የርዝመቱን ብዛት ብቻ የቆጠረ ሰው ሁለቱን ፈረሶች እኩል ያያቸው ነበር።

ጥንቃቄ፦ ውጤቱ ላይ የተጻፈው ርቀት በትክክል እኩል መሆኑን አረጋግጡ። የትራኩ የዳር አጥር ሲዛወር አንዱ ሩጫ ከሌላው በብዙ ሜትር ሊረዝም ይችላል። ፀሐይ ዓይን ስትወጋ ደግሞ አንዳንድ መሰናክል ይታለፋል። ሰዓቱ ያኔ ያሳስታችኋል።

ደረጃ 4፦ የሩጫውን አካሄድ እዩ

የ10,000 ሜትር ሩጫ እያየን ያደግን ሰዎች ነን፤ ይህን ለማስረዳት አልቸገርም። ሯጮቹ እየተጠባበቁ 24 ዙር በቀስታ ከሄዱ፣ በመጨረሻው 400 ሜትር ያፈተለከው ያሸንፋል። ጥሩ ፍጥነት እንዳለው አሳየን። ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ እሳት የሆነ ሩጫ ላይ ምን እንደሚሆን ግን አላየንም።

የኖቪሶች ሩጫ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። አምስት ወይም ስድስት ፈረስ ይሰለፋል። ማንም መምራት አይፈልግም። እየተንሸራሸሩ ይሄዱና ከመጨረሻዎቹ ሁለት መሰናክሎች ላይ ሽምጥ ይጀመራል። ሻምፒዮን ሀርድል እንዲህ ያለ ዕረፍት የለውም።

ምን ታደርጋላችሁ? ሰዓት መቁጠሪያችሁን አውጡ። መሪው የመጀመሪያውን መሰናክል ከዘለለበት ከመጨረሻው ሦስተኛውን እስከሚዘልበት ያለውን ጊዜ ያዙ። ከዚያ እስከ መግቢያው ያለውን ለብቻ ያዙ። በዕለቱ ሌሎች ሩጫዎች ላይም ይህንኑ ድገሙ። ኖቪሱ መጀመሪያውን በዝግታ ሄዶ መጨረሻውን ከሁሉ ፈጥኖ ከጨረሰ ፍጥነት አለው፤ ጽናቱ ግን ገና አልታየም። መጀመሪያውንም መጨረሻውንም ከፈጠነ ያ ሌላ ነገር ነው። ስሙን አስምሩበት።

ደረጃ 5፦ እያንዳንዱን ዝላይ ቁጠሩ

በ2 ማይል ሩጫ አብዛኛውን ጊዜ 8 መሰናክል አለ። ቪዲዮውን በዝግታ አጫውቱና ለእያንዳንዱ ምልክት ስጡ። ቦታ ካተረፈ ፕላስ፣ ካልጠቀመም ካልጎዳም ዜሮ፣ ቦታ ካጣ ማይነስ።

የምትፈልጉትን በቅርብ ላሳያችሁ። ፈረሱ ወደ መሰናክሉ ሲጠጋ ጆሮዎቹ ወደ ፊት ይቀሰራሉ። የመጨረሻዎቹ ሦስት እርምጃዎች አያጥሩም፤ ምቱ አይለወጥም። የፊት እግሮቹ አንድ ላይ ይታጠፋሉ። ጀርባው በጣም ከፍ አይልም፤ መሰናክሉን ልክ እንደ ደፍ ነው የሚሻገረው። ሲያርፍ የጋላቢው እጅ አይንቀሳቀስም፤ ቀጣዩ እርምጃ ከማረፉ ጋር የተያያዘ ነው። አጠገቡ የነበረው ፈረስ ዘልሎ ሲያርፍ ግማሽ ርዝመት ወደ ኋላ ቀርቷል። አንዱም ፈረስ ለመሮጥ አልታገለም፤ ልዩነቱ የመጣው ከአየር ላይ ነው። ግማሽ ርዝመት በ8 መሰናክል ቢባዛ 4 ርዝመት ይሆናል።

መጥፎው ደግሞ ይህን ይመስላል። ከመሰናክሉ ፊት እርምጃው ይንተባተባል። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይነሳል። ወይም ወደ ቀኝ ወይ ወደ ግራ እያዘነበለ ይዘላል። ሁልጊዜ ወደ ቀኝ የሚያዘነብል ፈረስ፣ ወደ ግራ በሚዞረው ቼልትናም በእያንዳንዱ ዝላይ መሬት ያጣል።

ይህ ለምን ይህን ያህል ክብደት ይሰጠዋል? በዝግታ ሩጫ ስህተት ይደበቃል። ፈረሱ ተሳስቶ ለመመለስ ጊዜ አለው። በላይኛው ደረጃ ያ ጊዜ የለም። በ2025 ሻምፒዮን ሀርድል ላይ ኮንስቲትዩሽን ሂል ወደቀ። ስቴት ማን ደግሞ እየመራ መጥቶ የመጨረሻው መሰናክል ላይ ወደቀ። ያሸነፈችው ጎልደን ኤስ ናት፤ በ2024 የባዝራዎቹን ኖቪስ ውድድር ያሸነፈች። ስምንቱንም መሰናክል ተሻግሮ መጨረስ ራሱ ችሎታ ነው።

ማስታወሻ፦ በመጀመሪያ ሩጫው ሁለት ማይነስ ያገኘ ፈረስ አይጣል። በሦስተኛው ሩጫው ግን አሁንም ሁለት ማይነስ ካለ ያሳስበኛል።

ደረጃ 6፦ «ሲጠየቅ» ምን መለሰ?

ጋላቢው ልጓሙን እንደያዘ፣ እጁን ሳያነቃንቅ የገባበት ሩጫ ደስ ይላል። ነገር ግን ፈረሱ አልተጠየቀም። ቢጠየቅ ምን እንደሚሰጥ አታውቁም።

የምትፈልጉት ሌላ ፈረስ አጠገቡ የመጣበትን፣ ጋላቢው የገፋበትን ቅጽበት ነው። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ዘረጋ? ጥሩ። ጭንቅላቱን ወደ ላይ ወረወረ፣ ጭራውን አወዛወዘ፣ ወደ ጎን ሸሸ? ይህንን ጻፉ፤ ሁልጊዜ የእንቢተኝነት ምልክት ባይሆንም አንድ የሚያመው ነገር ሊኖር ይችላል።

ከመግቢያው በኋላም አታቁሙ። መስመሩን አልፎ 100 ሜትር እስኪሄድ እዩት። ጆሮውን ቀስሮ እየተንሳፈፈ የሚሄድ ፈረስ ያልሰጠው ነገር አለ። ወዲያው ወደ ሶምሶማ የሚወርድ ያለውን ጨርሷል።

ሩጫው መጀመሪያ ላይ ደግሞ ልጓም እየነከሰ የሚታገለውን ለዩ። ጉልበቱን በመጀመሪያው ማይል ላይ የሚያባክን ፈረስ በደካሞች መካከል ያሸንፋል። ቼልትናም መጨረሻው ዳገት ነው። ዳገቱ ላይ ሂሳቡ ይመጣል።

ደረጃ 7፦ መሬቱንና ትራኩን ለዩ

ጥያቄው አጭር ነው። ያሸነፈው በጭቃ ብቻ ነው ወይ? ክረምቱን ሙሉ ከባድ ጭቃ ላይ እያሸነፈ የመጣ ፈረስ፣ በጸደይ መሬቱ ሲደርቅ እግሩ ላይበቃው ይችላል። የእግሩን አነሳስ እዩ። ጉልበቱን ከፍ አድርጎ የሚረግጥ ጭቃ ይወዳል። ዝቅ አድርጎ የሚጠርግ ደረቁን።

ኬምፕተን ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ሜዳማ ነው። ሳንዳውን ወደ ቀኝ ሆኖ መጨረሻው ዳገት ነው። ኤይንትሪ ወደ ግራ፣ ሜዳማ። ሌፐርድስታውን ወደ ግራ፤ ፓንችስታውንና ፌሪሃውስ ወደ ቀኝ። ፈረሳችሁ አንድ ዓይነት ትራክ ላይ ብቻ ካሸነፈ ገና ያልተመለሰ ጥያቄ አለው።

ደረጃ 8፦ ከየት እንደመጣና ዕድሜውን እዩ

መሰናክል ከሌለው የሜዳ ሩጫ የመጣ ፈረስ ፍጥነት አለው፤ ዝላይ ይማራል። ከአየርላንድ የገጠር ሩጫ፣ ፖይንት ቱ ፖይንት ከሚባለው የመጣ 3 ማይልና አጥር ያውቃል፤ ፍጥነቱ ነው የሚመረመረው። ከፈረንሳይ የመጣው ገና በ3 ዓመቱ መዝለል የጀመረ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከእኩዮቹ ቀድሞ የበሰለ ነው። ቀድሞ የበሰለ ሁሉ ግን ወደፊት ያድጋል ማለት አይደለም።

የ4 ዓመት ፈረሶች ላይ ተጠንቀቁ። የሚፎካከሩት ከእኩዮቻቸው ጋር ነው። በቀጣዩ ዓመት ከ7 እና ከ8 ዓመት ጎልማሶች ጋር ሲሰለፉ ነገሩ ይለወጣል። ካችት በ2007 ትራያምፍን፣ በ2008 ሻምፒዮን ሀርድልን ሲያሸንፍ፣ ከ1985 ወዲህ ሻምፒዮን የሆነ የመጀመሪያው የ5 ዓመት ፈረስ ነበር። 23 ዓመት ማለት ነው። ስለዚህ የትራያምፍ አሸናፊን በአንድ ዓመት ሳይሆን በሁለት ዓመት ርቀት መዝኑት።

ባዝራ ከሆነች ከወንዶቹ ጋር ስትሮጥ 7 ፓውንድ ይቀነስላታል። ይህን ስሌቱ ላይ አትርሱ።

ደረጃ 9፦ ገላውንና ትንፋሹን እዩ

ሜዳው ላይ ከሆናችሁ ፈረሶቹ የሚዞሩበት ቦታ ሄዳችሁ ቁሙ። ገና ቀጫጭን፣ ትከሻው ያልሞላ፣ ግን አጥንቱ ትልቅ የሆነ ፈረስ እያሸነፈ ከሆነ ወደፊት የሚጨምረው አለ። አሁኑኑ ሙሉ የሆነው ጣሪያው ላይ ሊሆን ይችላል።

በብሪታንያ ከ2018 ጀምሮ ፈረሱ የመተንፈሻ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ከዚያ በኋላ በሚሮጥበት የመጀመሪያ ሩጫ ዝርዝሩ ላይ ይጻፋል። ያንን ፈልጉ። ካለፈው ሩጫው ድንገት የተሻሻለበት ምክንያት ምናልባት እሱ ነው።

ደረጃ 10፦ ወዴት እየሄደ ነው? እነማን ይጠብቁታል?

ባለቤቱና አሠልጣኙ ቼዝ የሚያስቡ ከሆነ፣ ፈረሱ ለሻምፒዮን ሀርድል ቢበቃም እዚያ አታዩትም። የ2016ቱ አልቲዮርና ሚን ሁለቱም ወደ ቼዝ ሄዱ። ቡቨር ዴርም ጀምሮት ነበር፤ በኋላ ግን ወደ መሰናክል ተመለሰ። በ2017 ደግሞ የቀደሙት ሁለት ዓመታት ሻምፒዮኖች፣ ፎሂንና አኒ ፓወር፣ አልሮጡም። በሩ ተከፍቶ ጠበቀው።

በ2013 ሱፕሪምም እንዲሁ ነው። ሻምፓኝ ፊቨር አንደኛ፣ ማይ ቴንት ኦር ዮርስ ሁለተኛ፣ ጄዝኪ ሦስተኛ ነበሩ። አንደኛው ወደ ቼዝ ሄደ። በ2014 ሻምፒዮን ሀርድልን ጄዝኪ አሸነፈ፤ ማይ ቴንት ኦር ዮርስ ሁለተኛ ወጣ።

ውጤቱን መሙላት

ደብተራችሁ ላይ ስድስት መስመር ጻፉ፦ ተፎካካሪ፣ ሰዓት፣ አካሄድ፣ ዝላይ፣ መልስ፣ መሬት። ከእያንዳንዱ ፊት ከሦስቱ አንዱን አስፍሩ፦ «አለፈ»፣ «ወደቀ»፣ «አልተፈተነም»።

ቁጥር የማላደርገው ሆን ብዬ ነው። ከ10 ስንት ተብሎ ሲሞላ «አልተፈተነም» የሚለው ይጠፋል። ሰው አምስት ይሰጥና ያልፋል። አምስት ደግሞ መካከለኛ ማለት ነው፤ ያልታወቀ ማለት አይደለም። አራት «አለፈ» ያለው፣ አንድም «ወደቀ» የሌለው ፈረስ በጥብቅ የምከታተለው ነው። አምስት «አልተፈተነም» ያለው የመጨረሻ ሩጫውን በ15 ርዝመት ቢያሸንፍም እጠብቃለሁ።

በብዛት የሚሠሩ ስህተቶች

*የተሸነፈውን መጣል።* ከላይ ጄዝኪንና ቡቨር ዴርን አይታችኋል። ሮክ ኦን ሩቢም በ2011 ባሪንግ ቢንገምን ተሸንፎ ሁለተኛ ወጥቶ፣ በ2012 ሻምፒዮን ሀርድልን ወሰደ።

*ረጅም ርቀት ያሸነፈውን «ቀርፋፋ ነው» ማለት።* ከሁሉ በላይ የምመልሰው ጥያቄ ይህ ነው። ኢስታብራክ በ1997 ያሸነፈው የ2 ማይል ከ5 ፈርሎንጉን የኖቪስ ውድድር ነው። ከዚያ ወደ 2 ማይል ወርዶ ሻምፒዮን ሀርድልን በ1998፣ በ1999 እና በ2000 ወሰደ። ሃርዲ ዩስታስ በ2003 ያንኑ ረጅሙን አሸንፎ በ2004 እና በ2005 ሻምፒዮን ሆነ። ፎሂን በ2014 ረጅሙን፣ በ2015 ሻምፒዮን ሀርድልን። ምክንያቱ ዳገቱ ነው። ሻምፒዮን ሀርድል በጣም በፍጥነት ስለሚሮጥ መጨረሻው ላይ ጽናት የሌለው 2 ማይልም ይረዝምበታል። ስለዚህ መካከለኛውን ርቀት በፍጥነት ያሸነፈ ፈረስ ካያችሁ ከሻምፒዮን ሀርድል ዝርዝር አታውጡት።

*በዋጋ መመዘን።* በ2022 ሱፕሪም ሁለተኛ የወጣው ጆንቦን በ570,000 ፓውንድ የተገዛ ነው። በ22 ርዝመት ያሸነፈው ኮንስቲትዩሽን ሂል 120,000 ነበር። ጆንቦንም በኋላ ቼዝ ላይ ድንቅ ፈረስ ሆኗል። ዋጋው ግን ሩጫውን አልነገረንም።

*በወሬ መወሰድ።* ሳምክሮ በ2018 ባሪንግ ቢንገምን ሲያሸንፍ ስለ እሱ የማይባል ነገር አልነበረም። እኔም ደብተሬ ላይ አስምሬበት ነበር። በቀጣዩ ዘመን በመሰናክል የተጠበቀው አልሆነም። በ2020 ግን ቼልትናም ላይ የኖቪስ ቼዝ አሸነፈ። ችሎታው ነበረ፤ መንገዱ ግን ሌላ ነበር። ደረጃ 1 ያስፈለገው ለዚህ ነው።

*ቶሎ መቁረጥ።* ቦብ ኦሊንጀር በ2021 ባሪንግ ቢንገምን አሸነፈ። ቼዝ ሞከረ፤ ተመለሰ። ስቴየርስ ሀርድልን ያሸነፈው በ2025 ነው። ሚኔላ ኢንዶም በ2019 አልበርት ባርትሌትን ወስዶ፣ የቼልትናምን ትልቁን የቼዝ ውድድር፣ ጎልድ ካፕን፣ በ2021 አሸነፈ። ረጅም ርቀት የሚሮጡት ለመብሰል ጊዜ ይፈልጋሉ።

ማስጠንቀቂያ

ይህ መመሪያ ፈረስ ለመመዘን ነው። ገንዘብ ለማስያዝ ብላችሁ የምታነቡ ካላችሁ፣ ትክክለኛ ግምት እንኳ ብዙ ጊዜ ይሸነፋል። የቤት ኪራይና ወደ ቤተሰብ የሚላክ ገንዘብ እዚህ ውስጥ አይግባ። ከኪሳራ በኋላ «ላስመልስ» የሚል ስሜት ከመጣ ያኔውኑ አቁሙ፤ ለምታምኑት ሰውም ንገሩ። በብሪታንያ ከ18 ዓመት በታች ውርርድ ሕገወጥ ነው።

በቴሌግራም «እርግጠኛ ፈረስ አለኝ» ብሎ ብር የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ አትክፈሉ።

ሌላው ጉዳይ ፈረሱ ራሱ ነው። አወር ኮነር በ2013 ትራያምፍን በ15 ርዝመት አሸንፎ፣ በ2014 ሻምፒዮን ሀርድል ላይ ወድቆ ሞተ። ዝላዩ የሚያሰጋ ፈረስ ስታዩ «ወደ ላይኛው ፍጥነት ይውጣ» ከማለታችሁ በፊት ደረጃ 5ን እንደገና ሥሩ። ጋጣ ውስጥ የምትሠሩ ደግሞ ያያችሁትን ለአሠልጣኙ ንገሩ። በየቀኑ የምታቦርሹት እናንተ ናችሁ። እግሩ ላይ ያለውን ሙቀት ቀድማችሁ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

መቼ እንደገና መመዘን?

ሦስት ጊዜ። መጀመሪያ ሜይ ላይ፣ ኤይንትሪና ፓንችስታውን ካለቁ በኋላ፤ የማርቹ ተሸናፊዎች ምን እንደሠሩ ያኔ ይታያል። ሁለተኛ በኖቬምበር፣ ከበጋ ዕረፍት ሲመለስ፤ ገላው ሞልቷል? ዝላዩ ፈጥኗል? ሦስተኛ በገና ሰሞን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከነባር ፈረሶች ጋር ሲሰለፍ። በፌስቲቫሉ ጊዜ የሞላችሁትን ገጽ አውጡና «አልተፈተነም» ያላችሁባቸውን መስመሮች ብቻ ሙሉ።